ሰባተኛ ክፍል የገባውን ልጅ ማን ይሸኘው?

በመስከረም ወር በየቤቱ የሚታየውን ግርግር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ባለበት ቤት እናት ከዋዜማው ጀምራ ዩኒፎርሙን ስትተኩስ፣ አባት ከመሥሪያ ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አያትም ከደጅ ቆመው ሲመርቁ ይታያል። ዩኒቨርሲቲ ለሚገባውም እንደዚሁ ነው፤ ሻንጣ ይገዛለታል፣ ድግስ ይደገስለታል፣ ዘመድ ወዳጁም እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሸኘዋል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሌላ መንገደኛ አለ፤ እርሱን የሚሸኘው የለም። ደብተር ተገዝቶለት «በል እንግዲህ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል» ተብሎ ብቻውን ይሄዳል። ይህ መንገደኛ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ሰባተኛ የሚሻገረው የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ልጅና ስለ ቤተ ሰቡ ነው። ከአንባቢዎቼ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ የያዛችሁ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችሁ፣ «እኛ ገና ልጅ አልወለድን፤ ይህ ነገር ምን ያገባናል?» ትሉ ይሆናል። እጅግ ያገባችኋል፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ።

ስሙ አዲስ፣ ነገሩ የቆየ

በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ መካከል ለብቻው የሆነ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት ብዙም አልዘለለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ጉርምስና ዘመን ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ይህ ዕድሜ ከሕፃንነትም ከጐልማሳነትም የተለየ ጠባይ ያለው መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ የተከፈተው የኢንዲያኖላ ትምህርት ቤት ለዚህ ዕድሜ ተብለው ከተቋቋሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ልጁን ከሕፃናቱ ጋር አስቀምጦ ማሰልቸት፣ ወይም ካደጉት ጋር ቀላቅሎ ማስደንገጥ አይገባም፤ በመካከል አንድ ማረፊያ ይኑረው ነበር ሐሳቡ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የትምህርቱ ደረጃ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ ተከፈለ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልም «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባሉ ነበር። በደርግም ዘመን ይኸው አከፋፈል ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን ሁሉ አጠቃሎ አንደኛ ደረጃ አደረገው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት መለሰን፤ ሰባተኛና ስምንተኛም «መካከለኛ ደረጃ» የሚል ስም አገኙ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሦስት ትውልዶች ሰባተኛ ክፍልን በሦስት ዓይን እንደሚያዩት ለማሳየት ነው። አያት የስድስተኛ ክፍልን ፈተና አልፈው፣ ምናልባትም ከመንደራቸው ወጥተው ወደ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የገቡ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ትልቅ መሻገሪያ መሆኑን ያውቃሉ። በ1986ቱ ፖሊሲ የተማረው አባት ግን ስድስተኛን እንደ ማንኛውም ክፍል አልፎት የሄደ ነው፤ ስለዚህ «ከስድስት ቀጥሎ ሰባት መቼስ የታወቀ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። በአንዳንድ ቤት የልጁን ጭንቀት ከአባቱ ይልቅ አያቱ የሚረዱለት በዚህ ምክንያት ነው።

የሚለወጠው ምንድን ነው?

አንደኛ ቋንቋው ይለወጣል። በአዲስ አበባ በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ድረስ በአፋን ኦሮሞ ስለሚማሩ ይኸው መሻገሪያ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ልግለጽ። ልጁ በስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይን አጥርቶ ያውቃል፤ ላዕሉ የቱ፣ ታህቱ የቱ እንደ ሆነ ቢጠየቅ አይሳሳትም። በሰባተኛ ክፍል ግን አስተማሪው ገብቶ «ዲኖሚኔተሩን ፈልጉ» ይላል። ልጁ ታህትን ያውቀዋል፤ ዲኖሚኔተር የሚባለውን ግን አይቶት አያውቅም። ትነትን ያውቃል፤ ኢቫፖሬሽንን አያውቅም። ስለዚህ ዝም ይላል። አስተማሪው ዝምታውን ካለማወቅ ይቆጥርበታል፤ አባትም ካርዱን አይቶ «ይህ ልጅ ምን ነካው? ዐምና ከአምስት አልወረደም ነበር» ይላል። ልጁን የነካው አንዳች ነገር የለም። የሚያውቀው ዕቃ ስሙ ተቀይሮ ቀረበለት እንጂ እውቀቱ አልጠፋበትም።

ሁለተኛ ሰዎቹ ይለወጣሉ። በታችኞቹ ክፍሎች ልጁን አብዛኛውን ሰዓት ይዛው የምትውል አስተማሪ ነበረችው፤ ሲያመው ከፊቱ ታውቅበታለች፤ ቁርሱን ሳይበላ ሲመጣም አይጠፋትም። አሁን ግን የትምህርቱ ዓይነት ዐሥር ገደማ ይደርሳል፤ ጠቅላላ ሳይንስ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ የኢንፎርሜሽን ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ እያለ ይቀጥላል። ደወል በተደወለ ቁጥር አንዱ አስተማሪ ወጥቶ ሌላው ይገባል። እያንዳንዱ የቤት ሥራ ሲሰጥ ሌላው ምን ያህል እንደ ሰጠ አያውቅም። ልጁ ዐሥር ሰዎችን ደስ ማሰኘት አለበት፤ ከዐሥሩ ግን ስሙን የሚያውቁት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ናቸው።

ሦስተኛ ፈተና ነው። በአዲሱ አሠራር በስድስተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ በስምንተኛም አለ። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ዓመታት በሁለት ፈተና መካከል ተጣብቀው የቀሩ ናቸው። ልጁ ከአንዱ ድካም ሳያርፍ ስለ ሁለተኛው ይነገረዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሰውነት ለውጥ ነው። የወንዱ ድምፅ ይጐረንናል፤ ትናንት የተገዛለት ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቀራል። ሴቲቱ ጓደኞቿ ሳያድጉ ቀድማ ያደገች እንደ ሆነ ታፍራለች፤ ወደ ኋላ የቀረች እንደ ሆነም ታፍራለች። ለሰሌዳ ሥራ ውጣ ሲሉት እንቢ የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ መልሱ ስለ ጠፋው ሳይሆን፣ ስድሳ ዓይን ስለሚያየው ነው።

በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዣክሊን ኤክልስና ካሮል ሚድግሊ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለዚህ ነገር ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንደነርሱ አስተያየት በዚህ ዕድሜ የሚታየው ስንፍናና ማኩረፍ ከዕድሜው ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የልጁ ፍላጎትና የትምህርት ቤቱ አሠራር ባለመጣጣማቸው የሚመጣም ነው። ልጁ ትንሽ ነጻነትና ትንሽ አክብሮት በሚፈልግበት ሰዓት ቁጥጥሩ ይጠብቅበታል፤ የሚያቀርበው ትልቅ ሰው በሚያሻው ሰዓት አስተማሪዎቹ ይርቁታል፤ ስለ ራሱ በሚያፍርበት ሰዓት ደግሞ ከሌላው ጋር በደረጃ ይወዳደራል። ይህ የተጻፈው ስለ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ነገር ግን የእኛን ሰባተኛ ክፍል የሚያውቅ ሰው ሲያነበው እንግዳ አይሆንበትም።

«ወላጅ ይዘህ ና»

በቤትና በትምህርት ቤት መካከል ያለው መልእክተኛ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። ልጁ አጥፍቶ ካልሆነ በቀር ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት አይጠራም፤ ወላጅም ካልተጠራ አይሄድም። ስለዚህ አባት የትምህርት ቤቱን በር ሲረግጥ ገና ከመንገዱ ተቆጥቶ ነው።

ከዚህም የተነሣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ብልሃት አለ። ወላጅ አምጣ የተባለው ልጅ ከመንገድ ዳር አንድ ጐልማሳ ፈልጎ፣ ጥቂት ብር ሰጥቶ «አጎቴ ነኝ በልልኝ» ይለዋል። የተከራየውም አጎት ሥራውን ከልቡ ይሠራል። ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ «እኔ ይህን ልጅ ስንት ደክሜ ነው ያሳደግሁት!» እያለ ጣቱን ያወዛውዛል፤ አንዳንዱማ ዳይሬክተሩ እስኪገላግሉ ድረስ ቀበቶውን ለመፍታት ይጋበዛል። ነገሩ ያስቃል። ሲያስቡት ግን ያሳዝናል። አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ችግሩን ለገዛ ቤተ ሰቡ ከመንገር ይልቅ ለማያውቀው መንገደኛ መንገር ከቀለለው፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ አንባቢዎቼን የሚያገባችሁ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት አባት ሥራ ላይ ነው፣ እናት ገበያ ወይም ጓዳ ናት፤ ከቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛውን የሚያነብ፣ ሰባተኛ ክፍልን ገና ያልረሳ፣ ልጁም የማይፈራው አንድ ሰው አለ። እርሱም ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በወር መጨረሻ ለታናሹ ደብተርና ጫማ ይገዛል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልጁ ከጫማው ይልቅ የሚያስፈልገው የተከራየውን አጎት ቦታ የሚይዝለት እውነተኛ ሰው ነው።

ምን ይደረግ?

የሚደረገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ሳትጠሩ ሂዱ። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ወር ውስጥ አንድ ቀን ስም ጠሪውን መምህር አግኝታችሁ «የዚህ ልጅ ወንድም ነኝ፤ ስልኬ ይኸው» ማለት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ለአንድ አስተማሪ ስም ያለው ሰው ይሆናል። በኋላም አንዳች ነገር ቢደርስ አስተማሪው ከቁጣ በፊት ስልክ ይደውላል።

ሁለተኛ ለቋንቋው አንድ ደብተር ይለይለት። ገጹ በመካከል ይሰመርና በአንዱ ወገን አዲሱ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በሌላው ወገን ልጁ በስድስተኛ ክፍል የሚያውቀው የአማርኛ ስሙ ይጻፍ። ዲኖሚኔተር፣ ታህት፤ ፎቶሲንተሲስ፣ ብርሃን አስተፃምሮ። በቀን አምስት ቃል ቢጻፍ እስከ ገና ድረስ የሚሰበሰበው ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ልጁ «ይህን እኮ አውቀዋለሁ!» ይላል፤ ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ምክር ትበልጣለች።

ሦስተኛ የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የቤት ሥራ በተሰጠበት ቀን ይሠራ፤ ለነገ የሚያስፈልገው ደብተር ከመተኛት በፊት በቦርሳ ይግባ። ብዙ ልጅ ሰነፍ የሚባለው ደብተሩን ረስቶ ስለ መጣ ነው።

አራተኛ እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። በጉርምስና ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ቅመም በሰውነት ውስጥ የሚመነጭበት ሰዓት ወደ ሌሊቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ ልጁ ማታ አልተኛም፣ ጧት አልነሣም ቢል ሁሉ ነገር ልግመት አይደለም። ይህ እንዳለ ሆኖ ስልክ ይዞ መተኛት ችግሩን ያባብሰዋል። ስልኩ ሌሊት ከልጁ አልጋ ርቆ ይደር፤ የታላቅ ወንድሙም ስልክ አብሮት ቢያድር ሕጉ ይከበራል።

አምስተኛ ስለ ሰውነት ለውጥ አስቀድሞ ይነገር። የወር አበባ ሳይነገራት የመጣባት ልጅ ትደነግጣለች፤ ክፍል ውስጥ ከሆነም ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት ትፈራለች። እናት ወይም ታላቅ እኅት ቀድማ ትንገራት፤ ሞዴስም በቦርሳዋ ይቀመጥላት። በቤቱ ደመወዝ ያለው ወንድም እንደ ሆነ ገንዘቡን ሳይጠይቅና ሳያሳፍር ይስጥ። ደግሞም ሥራው በቤት ውስጥ በትክክል ይከፈል። ወንዱ የቤት ሥራውን ሲሠራ ሴቲቱ እንጀራ ስትጋግርና ውሃ ስትቀዳ አምሽታ፣ በመጨረሻ ውጤታቸውን ማወዳደር ፍርድ አይደለም።

ስድስተኛ የመጀመሪያው ካርድ ሲመጣ በደረጃው አይጀመር። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት «የትኛው ትምህርት ከበደህ?» ይባል። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ያፍራል፤ በሁለተኛው ግን ያስባል። አባቶቻችን «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» ብለው መለሳለስ እንደማይበጅ ተናግረዋል። ነገር ግን «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያሉትም እነርሱው ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ንፍጡ የሚታይበት ዘመን ነው።

በገጠር ደግሞ የቀበሌው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ የሚያበቃ እንደ ሆነ ሌላ ችግር ይጨመራል። ልጁ በየቀኑ ረጅም መንገድ ይመላለሳል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከቤቱ ስንቅ እያመጣ ይኖራል። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ምግብ አብሳይም፣ ገንዘብ ያዥም፣ የራሱ ሞግዚትም ይሆናል። በዚያች ከተማ የምትሠሩ ወጣቶች ከትውልድ ቀበሌያችሁ የመጣ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ በሳምንት አንድ ቀን ጠርታችሁ ትኩስ ወጥ አብሉት፤ ደብተሩንም አገላብጣችሁ እዩለት። እናቱ የምትሰጠው ምርቃት ለናንተም ይተርፋል።

ለተማሪውና ለሹሙ

አንተ ሰባተኛ ክፍል የገባህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ይህን ጋዜጣ ታላላቆቻችሁ ሲያነቡ አጮልቃችሁ የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያልገባችሁ እናንተን ብቻ አይደለም፤ ከጎናችሁ ያለውም አልገባውም፤ እርሱም እናንተ የገባችሁ መስሎት ዝም ብሏል። ስለዚህ አንዱ እጁን ሲያወጣ ለክፍሉ ሁሉ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ቢሰበር ይሰበር፤ የተሰበረ ጥያቄ ካልተጠየቀ ጥያቄ ይሻላል።

በትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ ወጣት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ከመደበኛው ትምህርት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ተጠርተው ክፍሉን፣ አስተማሪዎቹንና ሕጉን ቢያዩ፤ ከስምንተኛ ክፍል ጨዋ ጨዋ ተማሪዎች ተመርጠው እያንዳንዳቸው አምስት አምስት አዲስ ልጆች ቢረከቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስተማሪው አዲሱን ቃል በሁለቱም ቋንቋ በሰሌዳ ላይ ቢጽፍ፤ ይህ ሁሉ የተለየ በጀት አይጠይቅም። ደብዳቤ የሚጽፍና ቀን የሚቈርጥ አንድ ሰው ብቻ ይጠይቃል።

«እኛንስ ማን ደገፈን?» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። «ያለ ማንም ድጋፍ፣ በኩራዝ አጥንተን እዚህ ደርሰናል፤ የዛሬ ልጅ ተሞላቀቀ» ይላሉ። ይህ ክርክር ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን የሚናገሩት እነማን እንደ ሆኑ ልብ በሉ፤ የተሻገሩት ናቸው። አብረዋቸው ሰባተኛ ክፍል የገቡት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዝም ያሉት፣ ስምንተኛ ላይ ወድቀው የቀሩት ልጆች በዚህ ክርክር ላይ አልተገኙም። መሥሪያ ቤት ስለሌላቸው በሻይ ሰዓት አይከራከሩም፤ በጋዜጣም አይጽፉም። ወንዙን የተሻገረው «ወንዙ ጥልቅ አይደለም» ቢል፣ ውሃ የወሰደው መጥቶ አይመሰክርበትም። እያንዳንዳችን የሰባተኛ ክፍል ጓደኞቻችንን ስም በልባችን ብንቈጥር፣ ከኛ ይልቅ በሒሳብ የሚበልጡን፣ ዛሬ ግን የት እንዳሉ የማናውቃቸው አንድ ሁለት ስሞች አናጣም።

ስለዚህ አገር የምታጣው ሰነፎቹን ብቻ አይደለም። ታህትን እያወቀ ዲኖሚኔተርን ባለማወቁ ዝም ያለውንም ልጅ ታጣለች። ይህን ልጅ ለማዳን ትልቅ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ከምሳ ሰዓታችሁ ግማሹን ቈርጣችሁ ወደ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም ወደ ታናሽ እኅታችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ። ስም ጠሪውን ጠይቁ። ምን አጠፋ ቢሏችሁ «ምንም አላጠፋም፤ ልሸኘው ነው የመጣሁት» በሏቸው።